ጥቁር የሰርግ ካርድ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ኮምፒውተሩን ቫይረስ አልያዘውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሐዋሳ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ከኋላው "ቫይረስ ነው" የሚል ድምፅ ስለሚሰማ ነው። ባለሙያው ይላል፣ ጎረቤት ይላል፣ አሳ እያዞረ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር በር ላይ ቆሞ ይላል። አልያዘውም ብያለሁ። አሁንም ቫይረስ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ትቶኝ ወደ ጉዳዩ ይሂድ።

ሁለተኛው ነገር፣ ጥቁሩን ቀለም የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ወደዚህ እመጣለሁ።

ባለቤቴ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የካርድና የማስታወቂያ ሥራ ቤት ነበረው። ቤት ማለቴ አንዲት ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ የባነር ጨርቅ ጥቅልና ለደንበኛ የተዘጋጀ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር ነበራት። ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ባነር መስቀል በጀመረበት ሰሞን፣ ሥራው እንደዚያ ሲጎርፍለት፣ እሱ ታሞ አረፈ። ስለ መታመሙ አልጽፍም። ስለ መሄዱም አልጽፍም፤ ገና ስላልታረቅን።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አጠገቡ ቁጭ እያልኩ ጽሑፉን እመታለት ነበር። አበባውን፣ ክፈፉንና ቀለሙን የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ቤቱን ልቀጥልበት ስል ከዜሮ አልጀመርኩም። ግማሹን አውቃለሁ።

ግማሹን ማወቄ ግን ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጋሽ ተሰማ አልበቃውም። ክፍሏ ከአባታቸው የቀረች የቤተሰብ ንብረት ናት። ለቅሶው እንዳበቃ መጣና፣ "ሙት ዓመቱ ድረስ እንታገሳለን" አለኝ። "እስከዚያ ካንቀሳቀስሽው ጥሩ፤ ካልሆነ ለሚሠራበት ሰው እናከራየዋለን። አንቺም አርፈሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።"

አርፈሽ! ከቤታችን አንዱ አርፏል፤ ሁለተኛ አያስፈልግም። ይህን ግን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ "እሺ ጋሼ" አልኩ። አሁንም በዚያ "እሺ" እበሽቃለሁ።

እና ሥራ ጀመርኩ። የካርድ መሥሪያው ፕሮግራም በአማርኛ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ሠርተው በሲዲ የሚሸጡት ነው። ጽሑፉን መታሁ፣ አበባውን አስገባሁ፤ እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ "ቀለም" የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ባለቤቴ ይህን ሲጫን የቀለማት መስኮት ይከፈትለትና ከዚያ ቀዩንም ወርቃማውንም ይመርጥ ነበር። ለእኔ ምንም አልተከፈተም። ጠበቅኩ። ሌላ ቦታ ነካሁ፤ "ጢን" አለኝ። ሌላ ነካሁ፤ "ጢን"። የትም ብነካ "ጢን"። እንኳን ቀለም ሊሰጠኝ መዝጋትም ከለከለኝ። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቀልኩት። ሥራዬም አብሮ ሄደ።

እንደገና ጀመርኩ። "ቀለም"፣ "ጢን"፣ ሶኬት። እንዲህ እያልኩ ስከርም አንድ ነገር ገባኝ። "ቀለም" የሚለውን እስካልነካሁ ድረስ ሁሉም ነገር በሰላም ይሄዳል። ብቻ ሁሉም ነገር ጥቁር ነው። ፕሮግራሙ ሲፈጠር የተሰጠው ቀለም እሱ ነውና።

አሁን የእኔን ሁኔታ አስቡት። ዓመት ያልሞላኝ ሐዘንተኛ ነኝ። ቀሚሴ ጥቁር፣ ሻሼ ጥቁር፣ ጫማዬ ጥቁር። ከእጄ የሚወጣው ሥራም ሁሉ ጥቁር። ለማን ብዬ የፕሮግራሙ ስህተት ነው ልበል?

መጀመሪያ የቀበሌው ሰውዬ ያዘዘውን ባነር ሊወስድ መጣ። ዘርግቶ አየው።

"ወይዘሮ፣ ይሄ የልማት መልእክት ነው። ልማት በጥቁር አይጻፍም።"

"ቀለሙ አልከፈት ብሎኝ ነው።"

"አልከፈት ያለው ቀለሙ አይደለም፤ አመለካከት ነው። የሐዘን አመለካከት ይዘን ሕዝብ ማነሳሳት አንችልም። ራስዎን ቢገመግሙ ጥሩ ነው።"

ራሴን ገመገምኩ። ሰውዬውን ከነባነሩ ከደጄ ማስወጣት እንዳለብኝ ደረስኩበት፤ አስወጣሁትም።

ቀጥላ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ የድሮ ደንበኛችን ናት። ሴት ልጇን ልትድር ነው፤ የሰርግ ካርዱን ለእኔ ሰጥታኛለች። ለሌላ መስጠት ስትችል ለእኔ መስጠቷን ጋሽ ተሰማም ሰምቷል። "እስቲ ይህን ካወጣሽ እናያለን" ብሏል። ስለዚህ ካርዱ ካርድ ብቻ አልነበረም። እሱ ከተበላሸ ክፍሏ ሄደች ማለት ነው።

ናሙናውን ሰጠኋት። ጽጌረዳው ጥቁር። የሙሽሮቹ ስም ጥቁር። ከላይ ያሉት ሁለት እርግቦች ቁራ መስለው ወጥተዋል። ዘይነባ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። ከዚያ በሚነቃነቀው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች። "ሐዘንተኛ ላይ ሰርግ ይዤ መጣሁ።"

"ዘይነባ፣ ሐዘኔ አይደለም። ፕሮግራሙ ነው!"

"አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ።" ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። "አላህ ያጽናሽ። ቀስ ብለሽ። ካርዱ ቢዘገይም ሰው በስልክም ይጠራል።"

በስልክ! የካርድ ቤት ባለቤት ፊት "በስልክ ይጠራል" ከማለት ጥፊ ይሻላል።

ዘይነባ ደግ ሴት ናት፤ ደግ ስለሆነችም ወሬውን ለዕድራችን ሴቶች አደረሰችው። በማግስቱ ቆሏቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ወንበር ስላልበቃቸው የባነር ጥቅሉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሐዘኑ ተመልሶባታል ተብለዋል። እኔም መልካም አጋጣሚ ነው፣ ምስክር ይሆኑኛል ብዬ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞርኩት።

"ስሙ! አሁን ቀለም የሚለውን ልጫን ነው። ከዚያ ሌላ ቦታ ስነካ ስሙ።"

"ጢን።"

"ሰማችሁ?"

"ሰማን የኔ እናት" አለች አንዷ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች። "ብንሰማውስ መቼ ይመለሳል?"

"ማን ነው የሚመለሰው? እኔ የማወራው ስለ ቁልፉ ነው!"

"ቁልፉም ቢሆን" አለች ሌላዋ። "እርሺው። ጊዜ ሁሉንም ያስረሳል።"

ልብ በሉ፣ ሴቶቹ ሐዘን መድረስ ያውቁበታል። እኔም ለሌላው ስደርስ እንደነሱው ነኝ። ነገር ግን ሰው "ቁልፉ አይሠራም" ሲል "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ መመለስ ምን የሚሉት ነው? መብራት ኃይል ቢደወልለት፣ "መብራቱ ለጊዜው ነው የሄደው፣ እግዜር ያጽናዎት" ይላል? ይቅርታ፣ መጥፎ ምሳሌ መረጥኩ። የእነሱ መልስ ከዚህም አይሻልም።

ከዚያ ባለሙያ አስጠራሁ። ባለሙያው ወደ ክፍሏ ሲገባ ስክሪኑን ሳያይ "ቫይረስ ነው" አለ። እኔም ይህን ጽሑፍ እንደጀመርኩት መለስኩለት።

"ታዲያ ፎርማት ላድርገዋ" አለ።

"ፎርማት ምንድን ነው?"

"ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር።"

"ሁሉን? ባለቤቴ የሠራውን ሁሉ?"

"ሁሉንም። ከዚያ ንጹሕ ይሆንልዎታል። የድሮው ምን ያደርግልዎታል እትዬ?"

ይህን ሰው ምን እንዳልኩት አልጽፈውም። መፍቻዎቹን እንኳን በቅጡ ሳይሰበስብ ነው የወጣው።

የቀሩኝ የፕሮግራሙ ባለቤቶች ናቸው። በሲዲው ማሸጊያ ላይ ስልካቸው አለ። "ችግር ቢያጋጥምዎ ይደውሉልን" ይላል። ደወልኩ። ሄኖክ የሚባል ወጣት አነሳው፤ ፕሮግራሙን ከሠሩት አንዱ ነው።

"ምን ነክተው ነው እትዬ?"

"ቀለም የሚለውን።"

"ከዚያ በፊትስ ምን ነክተዋል?"

"ከዚያ በፊት ምንም አላጠፋሁም።"

"አጥፍተዋል አላልኩም። አሁን እኔ እዚህ ቀለም የሚለውን እየተጫንኩት ነው። ይኸው ተከፈተ። እኛ ጋ ይሠራል።"

"እናንተ ጋማ ይሠራል! እኔ ግን እናንተ ጋ አይደለሁም፤ ሐዋሳ ነኝ!"

"አጥፍተው ቢያበሩትስ?"

"ልጄ፣ እኔ ይህን ኮምፒውተር ሳጠፋና ሳበራ ነው የከረምኩት።"

"ሳናየው ልንረዳው አልቻልንም" አለኝ። "እባክዎ የስክሪኑን ፎቶ ይላኩልን።"

በኋላ እንደሰማሁት ኮምፒውተሩ ራሱ የስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳበት ቁልፍ አለ አሉ። ልጁ ያንን ማለቱ ነበር። ታዲያ ለምን እንደዚያ አይልም? ፎቶ ሲባል እኔ የማውቀው ፎቶ አንሺ መጥራት ነው። አሞራ ገደል እንግዳውን ሁሉ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ጋር የሚያነሳ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፤ እሱን አስመጣሁት።

ሰውዬው ገባ። እኔን ከነጥቁሬ አየኝ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

"እዚህ ቁጭ ይበሉ እትዬ። አንገትዎን ሰበር። እጅዎን እላዩ ላይ ያሳርፉ።"

"ወንድሜ፣ እኔን አይደለም የምታነሳው። ስክሪኑን ነው።"

"ገብቶኛል። መታሰቢያ ነው። የሳቸው ዕቃ ነው አይደል?"

"የሳቸው ነው፣ ግን…"

"በቃ፣ እጅዎን እንዲህ። መዳፍዎን ዘርጋ ያድርጉ። ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ነው እትዬ፤ እኔ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው።"

እጄን ከስክሪኑ ላንሳ ስል አነሳኝ። "ጨርሻለሁ" አለና ወደ አባ ኮዳዎቹ ተመለሰ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ መሃል ላይ እኔ አለሁ፤ ዓይኔ ፎቶ አንሺውን ሊውጠው የደረሰ፣ መዳፌ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። ስክሪኑ ደግሞ በፍላሹ ብርሃን እንደ ነጠላ ነጭ ሆኗል። ልቀደው ብዬ ተውኩት፤ ሌላ ላስነሳ ብል ሙት ዓመቱ ሊደርስ ነው። በጀርባው "እኔን አትዩ፣ ስክሪኑን እዩ" ብዬ ጻፍኩበትና በፖስታ አድርጌ አዲስ አበባ ለሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት።

መልሱ በመጣ ቀን ክፍሏ ውስጥ ሦስት ነበርን። ጋሽ ተሰማ ጁስ ቤት መክፈት የሚፈልግ ሰው ይዞ መጥቷል። ሙት ዓመቱን እንኳን አልጠበቀም። የሜትሩን አንድ ጫፍ ጋሽ ተሰማ ይዞ፣ ሌላውን ሰውዬው ይዞ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ በላዬ ላይ ይለካሉ።

"ፍሪጁ በሩ ጋ ይሆናል" አለ ሰውዬው። "መጭመቂያው ደግሞ ኮምፒውተሩ ያለበት።"

"ኮምፒውተሩ ይነሳል" አለ ጋሽ ተሰማ። "እሷም መሥራት ከብዷታል። አይፈረድባትም።"

ስልኩ ጮኸ። ሄኖክ ነው።

"እትዬ፣ ፎቶው ደርሶናል። ነፍስ ይማር። እኛ ሳናውቅ…"

"ለቅሶውን ተወውና ስህተቱን አየኸው?"

"ስክሪኑ በፍላሽ ጠፍቷል፤ ምንም አይታይም። ግን እጅዎ ይታያል።"

"እጄ ደግሞ ምን አደረገ?"

"መዳፍዎ የስክሪኑን ግማሽ ሸፍኖታል። በጣም ትንሽ ስክሪን ናት። ባለቤትዎ ሲሠሩ የነበረው በዚህችው ነው? ወይስ ስክሪኑ ተቀይሯል?"

ዞሬ ጋሽ ተሰማን አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ሰሞን ጋሽ ተሰማ መጥቶ፣ "ያ ትልቁ ስክሪን ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ በለቅሶ የደከመ ዓይን ያጠፋል" ብሎ ትልቁን ወሰደና ከቤቱ ትንሿን አመጣልኝ። እኔ ሞኟ አልቅሼ ነው የመረቅሁት። "ዕድሜ ይስጥህ፣ ለዓይኔ ያሰብክልኝ" ብዬ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ካርታ ሲጫወት እንደሚውል ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ጨረሩ ለእሱ ዓይን ተስማምቶታል ማለት ነው።

"ጋሼ" አልኩት ስልኩን ይዤ፤ "የፕሮግራሙ ልጅ ስክሪኑ ተቀይሯል ወይ ይላል። ምን ልበለው?"

"የምን ስክሪን?" አለ። የያዘው የሜትር ጫፍ ከእጁ አመለጠና እየተንሿሿ ተጠቅልሎ ገባ።

"ተቀይሯል" አልኩ በስልኩ። "ትልቅ ነበር። ተወስዷል።"

ሄኖክ ጮኸ። "ገባኝ! እትዬ፣ መስኮቱ አልጠፋም። ቀለም ሲሉት ይከፈታል። ግን ፕሮግራሙ መስኮቱን የሚከፍተው ለመጨረሻ ጊዜ በማውዝ ተገፍቶ የተተወበት ቦታ ላይ ነው፤ በቁልፍ የተገፋበትን አያስታውስም። ባለቤትዎ በትልቁ ስክሪን ወደ ቀኝ ጥግ አድርገውት ይሆናል። በትንሿ ላይ ያ ቦታ የለም። ከስክሪኑ ውጪ ተከፍቶ እዚያው ቆሟል። ጢን የሚልዎት መጀመሪያ ለእሱ መልስ እንዲሰጡት ነው።"

ጥግ ያደርገው ነበር፣ እውነት ነው። ሥራው ላይ ሲቆምበት አይወድም። "እስቲ ዞር በልልኝ" እያለ በማውዝ ይገፋው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ገፍቶት ሄዷል፤ መስኮቱም ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር።

ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩት። ሄኖክ ይናገራል፣ እኔ እጫናለሁ፤ ቁልፍ መምታትስ ሥራዬ ነው። አልትን ይዤ ስፔስ ባሩን፣ ቀጥሎ ኤምን፣ ከዚያ ወደ ግራ የሚያመለክተውን ቀስት።

"ምንም አይታየኝም።"

"አይታይም። ዝም ብለው ወደ ግራ ይጫኑ።"

ጫንኩ። ጫንኩ። በቀኝ በኩል ከስክሪኑ ጠርዝ ቀጭን መስመር ብቅ አለች። ከዚያ ቀይ መጣ። ብርቱካናማ መጣ፣ ቢጫ መጣ፣ አረንጓዴ መጣ። መስኮቱ ቀስ እያለ ገባ።

"መጣ!" ብዬ ጮህኩ፤ የጁስ ቤቱ ሰውዬ ሜትሩን ይዞ ዘለለ።

"ይሄ ሁሉ ቀለም የት ነበር?" አለ ጎንበስ ብሎ እያየ።

"ጋሽ ተሰማን ጠይቅ" አልኩት።

ሰውዬው ጋሽ ተሰማን አየው። "ጋሼ፣ መሥራት አቅቷታል ብለኸኝ አልነበር?" ጋሽ ተሰማ ዞሮ በሩን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እኔ ቤት ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ታፔላውን ግን እዚህ ልዘዝ። ማንጎው በደንብ ቢጫ ይሁንልኝ፣ አቮካዶው አረንጓዴ።"

የዘይነባ ልጅ ካርድ በወርቃማና በቀይ ወጣ፤ እርግቦቹም እርግብ ሆኑ። ዘይነባ አገላብጣ ሳመችኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ከሐዘንሽ ወጣሽ!" አለች።

"አልወጣሁም! መስኮቱ ነው የገባው!"

"አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ" አለች።

በሙት ዓመቱ ስለ ክፍሏ ያነሳ ሰው አልነበረም። ከጸሎቱ በኋላ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጋሽ ተሰማም ተቀብሎ አየው፤ "ጥሩ ነው" ብሎ አሳለፈው። በማግስቱ ትልቁ ስክሪን በአንሶላ ተጠቅልሎ በባጃጅ ብቻውን መጣ።

ሰካሁት። "ቀለም" የሚለውን ተጫንኩ። መስኮቱ ቀኝ ጥግ ላይ ተከፈተ፤ ምንም ሳልገፋው፣ እሱ በማውዝ ገፍቶ የተወበት ቦታ። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን ከአዲስ አበባ አንድ ሲዲ ደረሰኝ፤ ላዩ ላይ "ተስተካክሏል" ይላል። ሞኝነቴ አላለቀም፤ ደስ ብሎኝ አስገባሁት። "ቀለም" ስል መስኮቱ መሃል ላይ፣ ልክ በምሠራው ካርድ ላይ ድርግም አለ። ወደ ጥግ ጎተትኩት። ዘግቼ ከፈትኩት። መሃል። ደግሜ ጎተትኩት። መሃል።

ደወልኩ።

"እትዬ! ሲዲው ደረሰ? ተስተካከለልዎት አይደል?"

"ምን አድርገህ ነው ያስተካከልከው?"

"ቦታ እንዳያስታውስ አደረግነው። ከእንግዲህ ሁልጊዜ መሃል ነው የሚከፈተው፤ አይጠፋም።"

"ባለቤቴ የተወበት ቦታስ?"

"እሱማ… ተሰርዟል እትዬ።"

"ስማኝ ልጄ" አልኩት። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ጮኼ ነበር። "ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ እርሺው ሲለኝ ከርሟል። አንተ ደግሞ መርሳቱን በሲዲ ላክህልኝ። ማስታወሱ ምን በደለህ? ማስታወሱ ልክ ነበር። ስህተቱ የስክሪኑን ማነስ ሳያይ መክፈቱ ነው። ቦታው ካለ እዚያው ይክፈተው። ቦታው ከሌለ ያን ጊዜ መሃል ያምጣው። ይህን መሥራት ያቅትሃል?"

"አያቅተኝም።"

"ታዲያ ጻፈው።"

"እየጻፍኩ ነው እትዬ።"

"ምን ብለህ ጻፍክ?"

"'ተጠቃሚዋ መስኮቱ መሃል ላይ መከፈቱን አልወደዱትም' ብዬ።"

"ሰርዘው! 'ፕሮግራሙ ይረሳል፤ መርሳቱ ስህተት ነው' ብለህ ጻፍ።"

የብዕሩን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አነበበልኝ፤ አንድ ቃል አላጎደለም።

አዲሱን ሲዲ እየጠበቅኩ ነው። እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩን አብርቼ፣ ከሥራ በፊት መስኮቱን ወደ ቀኝ ጥግ እጎትተዋለሁ። ትክክለኛ ቦታው እንኳን ይኼ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ።